ጫናው በማን ላይ ያርፋል?

ይህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርላማ፣ ስለ እስረኞችና ስለ ስደተኞች ሲጽፍ ለለመደ ሰው የዛሬው ርእሰ ነገር እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ዛሬ የማነሣው የኖርዌይኛን ጥምር ቃላት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ተጋጥመው አንድ ሲሆኑ ቃሉ ከየት ላይ እንደሚከፈል፣ የድምፁም ጫና በየትኛው ክፍለ ቃል ላይ እንደሚያርፍ ነው። «ይህ የሰዋስው መምህር ጉዳይ እንጂ የፖለቲካ ጸሐፊ ጉዳይ ነውን?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። በምኖርበት አገር ሰው ማን እንደሆነ የሚበየነው ብዙ ጊዜ ቃሉ በተያዘበት ቦታ ነው፤ የሚቀደደውም እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርዌያውያን ሁለት ስሞችን ሲያጣምሩ እኛ «ትምህርት ቤት» ወይም «አየር መንገድ» ስንል እንደምናደርገው በመካከል ክፍት ቦታ አይተዉም፤ አያይዘው ይጽፏቸዋል። ትርጉሙን የሚሸከመው የመጨረሻው አባል ነው። በዚህስ ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ፤ «ትምህርት ቤት» ቤት እንጂ ትምህርት እንዳልሆነ ሁሉ የእነሱም ጥምር ቃል ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ይቀመጣል። የድምፁ ጫና ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ከጥቂቶቹ በቀር ዋናው ጫና የሚወድቀው በመጀመሪያው አባል ላይ ነው፤ ሁለተኛው አባል የሚደርሰው ቀለል ያለ፣ የተረፈ ጫና ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ ምን እንደሆነ የሚናገረው ኋለኛው ነው፤ ጆሮ የሚቀበለው ግን ፊተኛውን ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ቋንቋውን የተማርኩት በኦስሎ በማታ ክፍል ነው። መምህራችን ጥምር ቃል ባስተማረችን ቁጥር በጠረጴዛው ላይ በጣቷ ትመታ ነበር፤ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ለዘብ አድርጋ። «ላመሎር» ትላለች፤ የበግ ጠቦት ታፋ ማለት ነው፣ ጠንካራው ምት «ላመ» ላይ ነው። ቀጥላ «ላመ ሎር» ትላለች፤ ሁለቱም እኩል ሲመቱ ሽባ የሆኑ ጭኖች ማለት ሆነ። ሆሄያቱ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ክፍተቱና ጫናው ብቻ ነው። «ሮይክፍሪት» ተያይዞ ሲጻፍ ማጨስ የተከለከለበት ስፍራ ነው፤ ለያይተህ «ሮይክ ፍሪት» ብለህ በር ላይ ከለጠፍከው ግን «እንደ ልብህ አጭስ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ዐረፈው። የአገሬው ሰው ይህን ዓይነቱን የተሳሳተ አለያየት «ኡርዴሊንግ» ይለዋል፤ ቃልን መክፈል ማለት ነው። በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ባየ ጊዜ የሚስቅም የሚናደድም አለ። የእንግሊዝኛ ተጽዕኖ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

ቀልዱ ያበቃው «ኖሽክለረር» የሚለውን ቃል ስሰማ ነው። ኖሽክ ኖርዌይኛ ወይም ኖርዌያዊ ማለት ነው፤ ለረር ደግሞ መምህር። ተያይዞ ሲጻፍ፣ ጫናውም «ኖሽክ» ላይ ሲወድቅ፣ የኖርዌይኛ ቋንቋ መምህር ይሆናል። ተለያይቶ «ኖሽክ ለረር» ሲባል፣ ጫናው ወደ «ለረር» ሲሸጋገር ደግሞ በዜግነቱ ወይም በትውልዱ ኖርዌያዊ የሆነ መምህር ነው። ልብ በሉ፤ ከጎንደር ወይም ከአሰላ የመጣች ሴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ የኖርዌይ ልጆችን የገዛ ቋንቋቸውን ልታስተምር ትችላለች። ያን ጊዜ ያለ ጥርጥር ኖሽክለረር ነች። ኖሽክ ለረር ናት ወይ? ፓስፖርቷ አዎ ይላል። የመምህራን ክፍሉ ጆሮ ግን ትንሽ ያመነታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በወረቀት ላይ አንድ ባዶ ቦታ ነው፤ በሕይወት ውስጥ ግን አንዳንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ኖሮም አይሻገረውም።

በተመሳሳይ መንገድ «ኢንቫንድረር» የሚለውን ቃል እንየው። «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «ቫንድረር» በእግሩ የሚጓዝ፣ የሚንከራተት ማለት ነው። ጫናው የሚያርፈው «ኢን» ላይ ነው። እኛ «ስደተኛ» ስንል ቃሉ ስለ መሰደዱ እንጂ ስለ መግባቱ አያወራም፤ ያስወጣውን ነገር ያስታውሳል። ኖርዌይኛው ግን ከኋላው ምን እንዳባረረው አይጠይቅም፤ በሩን መሻገሩን ብቻ ይመዘግባል። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ ደግሞ እዚሁ ለተወለዱ ልጆች ባለ ሦስት ቃል ስያሜ አለው፤ «ኖሽክፈተ መድ ኢንቫንድረርፎረልድረ»፣ በኖርዌይ ተወልደው ወላጆቻቸው ኢንቫንድረር የሆኑ ማለት ነው። ለስታቲስቲክስ ሥራ እንዲህ ያለ ስያሜ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ያለ ቁጥር አድልዎንም መለካት አይቻልምና። ነገር ግን የመጨረሻው ቃል ጫና የወደቀው አሁንም «ኢን» ላይ ነው። ልጁ አንድም ቀን ድንበር ተሻግሮ ሳይገባ መግባቱ ይነገርለታል።

አሁን ወደ መክፈል እንለፍ። በጽሑፍ መስመር አልቆ ቃል ሲቆረጥ የኖርዌይኛ ሕግ ግልጽ ነው፤ ጥምር ቃል የሚቆረጠው በመጋጠሚያው ላይ ነው። «ቢልደራመ» የሥዕል ወይም የፎቶ ክፈፍ ነው፤ «ቢልደ» ሥዕል፣ «ራመ» ክፈፍ። ከሥዕሉ ቆርጠህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሆሄያት ብቻ መስመር ላይ ብትተው «ቢል» ሆነ፤ መኪና ማለት ነው። አንባቢ መኪና እየጠበቀ ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል፤ የሚያገኘው ግን ፍርስራሽ ነው። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ሦስት ተመሳሳይ ተነባቢዎች ሲገናኙ አንዱ ይዋጣል። «ቡስ» ማለት አውቶቡስ፣ «ስቶፕ» ማለት ማቆሚያ ነው፤ ሲጣመሩ በሆሄ ሦስት ስ መሆን ሲገባቸው ሁለት ብቻ ይጻፋሉ። የማያውቅ ዓይን «ቡስ» ብሎ «ቶፕ» ሊያነብ ይችላል፤ የአውቶቡስ ጫፍ እንደ ማለት። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ላይ ሲቆረጥ ግን የተዋጠው ሆሄ ተመልሶ ይጻፋል። የሌሊት ባቡር ማለት የሆነው «ናቶግም» እንዲሁ ነው፤ ሲያያዝ አንድ ት ይጠፋል፣ ሲለያይ ይመለሳል። ለእኔ ይህ ሕግ ሁልጊዜ ፍትሐዊ መስሎ ይታየኛል፤ ለመተባበር ሲል ከራሱ የሰጠ አካል መለያየት በመጣ ጊዜ የሰጠው ይመለስለታል። በአገሮች ኅብረት ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ ስንት ጊዜ ተከብሮ ያውቃል?

መጋጠሚያው ላይ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ «ስ» ትገባለች። የወይን ብርጭቆ «ቪንግላስ» ነው፣ ያለ ምንም ማያያዣ። የቀይ ወይን ብርጭቆ ግን «ሮቪንስግላስ» ነው። ያቺ «ስ» ከየት መጣች? ሦስት አባላት ባሉበት ቃል ውስጥ የትኞቹ ሁለቱ አስቀድመው እንደተጋቡ ልትነግረን ነው የመጣችው። ቀዩ ወይኑ ነው እንጂ ብርጭቆው አይደለም። የጽሕፈት ጠረጴዛ መብራትም እንዲሁ ነው፤ የተራ ጠረጴዛ መብራት ያለ «ስ» ይጻፋል፣ የጽሕፈት ጠረጴዛው ግን «ስ» ያስከትላል። ሦስት ወገን ባለበት ነገር ማን ከማን ጋር አስቀድሞ እንደቆመ በአንዲት ሆሄ የሚያስታውቅ ቋንቋ በእውነት የሚደነቅ ነው። የእኛ ፖለቲካ ግንባርና ጥምረት በተመሠረተ ቁጥር እንዲህ ያለች ሆሄ ብትኖረው ኖሮ ከስንት ግራ መጋባት በዳንን!

ለመሆኑ የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ምን ይመስላል? አማርኛ እንደ ኖርዌይኛ ጎልቶ የሚሰማ የጫና ሥርዓት የለውም፤ እኛ ትርጉም የምንለይበት ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን ግን ይህን አይጽፈውም። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ምሳሌ «ይመራል» የሚለው ነው። ሁሉንም አላልተህ ብታነበው መንገድ የሚያሳይ፣ ሕዝብ የሚመራ ሰው ይሆናል። «መ» እና «ራ» ሲጠብቁ ራሱ በሌላ የሚመራ ይሆናል። «ራ» ብቻዋን ስትጠብቅ ደግሞ እንደ ኮሶ የመረረ ነገር ይሆናል። «ይህ ሰው ይመራል» ብሎ የጻፈ ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንዳለ ወረቀቱ አይመሰክርም፤ አንባቢው ነው የሚፈርደው። ቅኔያችን የኖረው በዚህ ቀዳዳ ውስጥ ነው። የቅኔ ሊቅ ቃሉን አንድ ጊዜ አያይዞ፣ አንድ ጊዜ ከፍሎ እያነበበ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ በንጉሥ ፊት የተነገረውም ብዙ ጊዜ ከቅጣት የዳነው በዚሁ ነው።

መስመር ሲያልቅስ? በብራና መጻሕፍት ጸሐፊው ቃሉን በደረሰበት ቦታ ቆርጦ ቀሪውን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ምልክትም አያደርግበትም። የቃልን ዳር የሚጠብቀው ሁለት ነጥብ ነበርና የመስመር ማለቅ አያሳስበውም ነበር። ዛሬ ሁለት ነጥብ ከጽሑፋችን ሊጠፋ ተቃርቦ ቦታውን ባዶ ክፍተት ስለተካው «ሕገ መንግሥት» አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ ጋዜጣ የየራሱ መልስ አለው።

ይህን ካነሣሁ አይቀር ቃሉን ከኖርዌይኛው ጋር ላስተያየው። ኖርዌያውያን ሕገ መንግሥታቸውን «ግሩንሎቭ» ይሉታል፤ «ግሩን» መሠረት፣ «ሎቭ» ሕግ። በግንቦት 17 ቀን 1814 (በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) በአይድስቮል የጸደቀ ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙ ጊዜ እየተሻሻለ ይሠራበታል። በግእዙ አገነባብ የእኛው «ሕገ መንግሥት» ዋናውን ቃል ከፊት አድርጎ ሕጉ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ የመንግሥት። የእነሱ ሕጉ በምን ላይ እንደቆመ፣ ወይም ምን በእሱ ላይ እንደሚቆም ይናገራል። ከዚህ ተነሥቶ «ቃላችን ነው ያጠፋን» ማለት ግን የዋህነት ነው። የ1814ቱ ግሩንሎቭ ራሱ በሁለተኛው አንቀጽ አይሁዳውያን ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የተሻረው ገጣሚው ሄንሪክ ቬርገላን ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ፣ እሱ ከሞተም ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1851 ነው። ኢየሱሳውያን ደግሞ እስከ 1956 ድረስ ተከልክለው ቆይተዋል። ያማረ ጥምር ቃል ያማረ ሕግ ለመሆኑ ዋስትና አይደለም።

ይሁን እንጂ ኖርዌይን የሚያህል ስለ ቋንቋ የተከራከረ ሕዝብ ማግኘት ከባድ ነው። ከዴንማርክ ጋር በነበራት ረጅም ኅብረት የጽሑፍ ቋንቋዋ ዴንማርክኛ ሆኖ ነበር። ኢቫር ኦሰን የተባለ የገበሬ ልጅ አገሩን እየዞረ የገጠሩን ዘዬዎች ሰበሰበ፤ በ1848 ሰዋስው፣ በ1850 መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ከዚያም ላይ አዲስ የጽሑፍ ቋንቋ አቆመ። በሌላ ወገን ክኑድ ክኑድሰን የተባለው መምህር ዴንማርክኛውን ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ሰው አነጋገር እንዲቀርብ ተከራከረ። ፓርላማው፣ ማለትም ስቶርቲንግ፣ በ1885 ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። በ1929 የዛሬ ስማቸውን አገኙ፤ አንዱ «ቡክሞል»፣ የመጽሐፍ ልሳን፣ ሌላው «ኒኖሽክ»፣ አዲስ ኖርዌይኛ። ሁለቱም ጥምር ቃላት ናቸው፤ የሁለቱም ጫና ፊት ላይ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ይላል፣ ሌላው አዲስ። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የቋንቋ ሕግም የሁለቱን እኩልነት አጽንቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የ1951ዱ የአቆጣጠር ለውጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ሃያ አምስት ለማለት «አምስትና ሃያ» ይሉ ነበር፤ እንደ ጀርመኖቹ። የስልክ አገልግሎት ሲስፋፋ ቁጥር በቃል ሲነገር የሚፈጠረው ስሕተት አስቸጋሪ ሆነ። ስቶርቲንግ ወሰነ፤ ከሐምሌ 1951 ጀምሮ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት «ሃያ አምስት» ይባል ተባለ። የአባላቱን ቅደም ተከተል በፓርላማ ድምፅ ገለበጡት! ነገር ግን ምላስ በሕግ ብቻ አይታዘዝም። ዛሬም በትራም ውስጥ አዛውንቶች ዕድሜያቸውን ሲናገሩ አሮጌውን ስልት እሰማለሁ፤ የፖሊስ መኪናም መጥቶ አይወስዳቸውም። መንግሥት ወስኖ፣ ሕዝቡ ግማሽ መንገድ ሄዶ፣ ሁለቱም በሰላም የሚኖሩበት አገር ማየት ለእኛ ትምህርት ነው።

ጫናም ቢሆን መደብ አለው። ጋዜጣ «አቪስ»፣ ጣቢያ «ስታሹን» ይባላሉ፤ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጡ ስለሆኑ በመደበኛው አነጋገር ጫናቸው መጨረሻ ላይ ነው። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ሕዝባዊ ዘዬ ግን ጫናው ወደ ፊት ይሳባል። በኦስሎ ሰው «አቪስ» ሲል «አ» ላይ ከተጫነ የምዕራቡ ባለጸጋ ሰፈር ልጅ እንዳልሆነ ጆሮ ወዲያው ይገምታል። ስለዚህ ለውጭ ሰው ጥያቄው «ትክክለኛው ጫና የት ነው?» ብቻ ሳይሆን «የማንን ጫና ልማር?» የሚልም ነው። በማታው ክፍል ያስተማሩን አንዱን ብቻ ነበር፤ ሌላውን ያስተማረኝ የሥራ ቦታና ትራም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመጣ። ላለፉት በርካታ ዓመታት ወገኖቼ ከመሥሪያ ቤት የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ሲያመጡልኝ አነብላቸዋለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ቡና አለው። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ እየተመላለሱ የሚመጡ ጥቂት ጥምር ቃላት አሉ፤ እያንዳንዳቸውን ከፍዬ ማስረዳት ልማዴ ሆኗል። አንደኛው «አቭስላግ» ነው። «አቭ» ከላይ ማንሣትን፣ ማጥፋትን ያመለክታል፤ «ስላግ» ምት ማለት ነው። ማመልከቻ ሲያስገቡ አቭስላግ ውድቅ መደረግ ነው። ዕቃ ሲገዙ ግን አቭስላግ የዋጋ ቅናሽ ነው። አንድ ቃል፣ ጫናውም አንድ ቦታ ላይ፤ ለገዢው ደስታ፣ ለጥገኝነት ጠያቂው መርዶ።

ሁለተኛው «ኦፕሆልስቲላተልሰ» ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ። «ኦፕሆል» መቆየት፣ «ቲላተልሰ» ፈቃድ፣ በመካከላቸው ያቺው «ስ»። «ኦፕሆል» ግን ሌላም ቃል ውስጥ ይገባል። በዝናብ መካከል ዝናቡ ጋብ ሲል ያንን ጊዜ «ኦፕሆልስቨር» ይሉታል፤ ጋብታ ያለበት አየር። አንድ ወገን ይህን ስነግረው ረጅም ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ፈቃዱም እንደዚያው ነው፤ ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ ነው» አለኝ። የእሱ ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ ዓይነት ነበር። እኔ ከፍዬ ነገርኩት እንጂ የተረጎመው እሱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የጥገኝነት ጥያቄው በመጨረሻ ውድቅ የሆነበት ሰው ሁለት መንገድ ይነገረዋል። አንዱ «ፍሪቪሊ ረቱር» ነው፤ በፈቃደኝነት መመለስ። ሌላው «ትቫንግስረቱር»፣ በግዴታ መመለስ። አጻጻፋቸውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሁለት ቃል ነው፤ ቅጽልና ስም፣ እያንዳንዱ የራሱን ጫና ይዞ። ሁለተኛው አንድ ጥምር ቃል ነው፤ ጫናው በሙሉ «ትቫንግ» ላይ ወድቋል፣ ግዴታ ማለት ነው። «ረቱር» ብቻውን ሲነገር መጨረሻው ላይ ይጠነክር የነበረው፣ እዚህ ግን ተዳክሞ ይጎተታል። ሁለት ቃል በሆነው ውስጥ ጥያቄ ማስገባት ይቻላል፤ «ምን ያህል በፈቃደኝነት?» ማለት፣ «ብዙም ፈቃደኝነት የሌለበት» ማለት ይቻላል። በጥምሩ ቃል ውስጥ ግን ምንም ማስገባት አይቻልም፤ ግዴታው ምን ያህል እንደሆነ ለመጠየቅ ቃሉን ማፍረስ ያስፈልጋል። ሰዋስው አንዱን በር ክፍት፣ ሌላውን ዝግ አድርጎ ሠርቶታል። እኔ ግን ከቡናው ጠረጴዛ ሆኜ ያየሁት ሁለቱ በሮች ወደ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚወስዱ ነው።

በጃንዋሪ 2012 የኖርዌይና የኢትዮጵያ መንግሥታት ጥገኝነት የተከለከሉ ኢትዮጵያውያንን ስለ መመለስ ስምምነት በተፈራረሙ ጊዜ እነዚህ ቃላት በየቤታችን ገቡ። በዚያው ዘመን በኖርዌይ ጋዜጦች ላይ የነገሠው ሌላ ቃል ደግሞ «አሲልባርን» ነበር። «አሲል» ጥገኝነት፣ «ባርን» ልጅ። እዚሁ አድገው፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ወላጆቻቸው ግን ፈቃድ ያላገኙላቸው ልጆች ማለት ነው፤ ከእነሱም ውስጥ የእኛ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኩትን ነጥብ አሁን አውጡት። የቃሉ ዋና አባል መጨረሻው ነው፤ ሰዋስው ራሱ «ይህ ልጅ ነው» ብሎ ይመሰክራል። ጫናው ግን ፊት ላይ፣ «ሲል» በሚለው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል፤ ይህ ክፍለ ቃል ብቻውን ሲቆም በኖርዌይኛ ወስፌ ማለት ነው። «ልጅ» የሚለው ድምፅ ከኋላ ለዘብ ብሎ ይመጣል። ክርክሩም ልክ እንደ ድምፁ ነበር፤ ስለ ጥገኝነት ሥርዓቱ፣ ስለ ወላጆቹ ጥፋት፣ ስለ ሌሎች መምጣት አለመምጣት ጮክ ተብሎ ተነገረ፤ ስለ ልጁ የተነገረው በተረፈው ድምፅ ነው። በየአደባባዩ የወጡትን ኖርዌያውያን ጎረቤቶች፣ መምህራንና የክፍል ጓደኞች ግን አልረሳቸውም። እነሱ ቃሉን ከመጋጠሚያው ላይ ከፍለው «ባርን» ላይ ተጫኑ።

ይህን ሁሉ ስል ኖርዌይኛን ለመክሰስ አይደለም፤ ጥምር ቃል የሚሠሩ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ ክፋቱም በሰዋስው ውስጥ የተጻፈ አይደለም። የእኛንም ጓዳ እንመልከት። ደርግ «ፀረ አብዮት» እና «ፀረ ሕዝብ» ይል ነበር፤ ኢሕአዴግ ደግሞ «ፀረ ሰላም» እና «ፀረ ልማት» አለ። «ፀረ» ከማንኛውም መልካም ቃል ጋር ሲገጠም አዲስ ወንጀለኛ ትወልዳለች። ሰላምን ማን ይጠላል? ልማትንስ? አንድ ሰው «በዚህኛው ሰላም ላይ ጥያቄ አለኝ» ወይም «ይህ ልማት እርሻዬን ወሰደብኝ» ሊል ይችላል፤ በጥምሩ ቃል ውስጥ ግን ለ«ዚህኛው» ቦታ የለም። ቃሉ ተበይዶ መጥቷል። ተከሳሹ ከተበየደው ነገር ውስጥ ራሱን ነቅሎ ማውጣት አይችልም፤ ዳኛውም ብየዳውን ለመመርመር ጊዜ የለውም። ጫናው የወደቀበትን እናውቃለን፤ «ፀረ» ላይ ነው። ከኋላዋ የተከተለው ሰላም ይሁን ልማት ማንም ጆሮ አልሰጠውም።

በበኩሌ ከማታው ትምህርት ቤት ያተረፍኩት አንድ ልማድ ነው። አንድ ባለሥልጣን፣ የእኛም ይሁን የእነሱ፣ አዲስ ጥምር ቃል ይዞ ሲመጣ ወዲያው አልደግመውም። አስቀድሜ መጋጠሚያውን እፈልጋለሁ፤ በየት በኩል እንደተበየደ፣ በመካከል የተዋጠ ሆሄ ካለ ማን እንደተዋጠ አያለሁ። ቀጥዬ ጫናው የት ላይ እንዳረፈ አዳምጣለሁ፤ በመጨረሻም ዋናው አባል፣ ከኋላ ለዘብ ብሎ የሚመጣው፣ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ከኋላ የማገኘው ሰው ነው፤ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ መምህርት፣ ተጓዥ። በዚያ ሰው ላይ ተጭኖ መናገር በአፍ መፍቻ ተናጋሪው ጆሮ የውጭ ሰው አነጋገር ይመስል ይሆናል። ይምሰል።

ቸር ይግጠመን!